የሪጀንሲ የጎን ጠረጴዛ ስትመርጡ ከፊቱ ይልቅ ሆዱን እዩ

እንግሊዝ አገር አሮጌ ዕቃ መሸጫ ገብታችሁ «ሪጀንሲ» (ከ200 ዓመት በፊት የነበረ የእንግሊዝ የቤት ዕቃ ስልት) የሚል ወረቀት የተንጠለጠለበት ትንሽ ጠረጴዛ ብታገኙ፣ ነገሩ ከሦስት አንዱ ነው። ወይ የእውነት 200 ዓመት የሞላው ዕቃ ነው። ወይ ከመቶ ዓመት በፊት የድሮውን አስመስለው የሠሩት ነው። ወይ ደግሞ በ1970ዎቹ ከፋብሪካ የወጣ፣ ላዩ ማሆጋኒ ውስጡ ቺፑድ የሆነ ነው። ከሩቅ ሦስቱም ያብረቀርቃሉ። ሦስቱም እግራቸው ጫፍ ላይ ናስ አላቸው።

ዋጋው ደግሞ የባሰ ግራ ያጋባል። ከ2000 ወዲህ የድሮ ቡናማ የእንጨት ዕቃ ገበያ ክፉኛ ቀዝቅዟል። ስለዚህ ጌጥ ያልበዛበት እውነተኛ የዘመኑ ጠረጴዛ፣ አዲስ ከሚገዛ ቅጂ ባነሰ ዋጋ በጨረታ የሚወጣበት ጊዜ አለ። በሌላ በኩል የአንበሳ ራስና ወርቅ የተለጠፈበት የትናንት ዕቃ «ጥንታዊ» ተብሎ ብዙ ይጠየቅበታል። የኔ አቋም ከመጀመሪያው ይታወቅ፦ ገንዘብ የሚከፈለው ለአሠራሩ ነው፤ ጌጡ በኋላ ይመጣል። አሠራሩ የሚታየው ደግሞ ከሥር ነው።

(ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መልኩ ከየት መጣ?

የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ ታሞ መግዛት ሲያቅተው፣ በ1811 ልጁ እንደራሴ ሆነ። አባትየው በ1820 ሲሞት ልጁ ጆርጅ አራተኛ ተብሎ ነገሠ። በሕግ ደረጃ የእንደራሴው ዘመን፣ ማለትም ሪጀንሲ፣ ዘጠኝ ዓመት ብቻ ነው። የቤት ዕቃ ሰዎች ግን ስሙን ዘርጋ አድርገው ከ1790ዎቹ እስከ 1830 ድረስ ላለው ሁሉ ይጠቀሙበታል። ስለዚህ ሻጭ «ሪጀንሲ፣ 1800 ገደማ» ቢላችሁ አላታለላችሁም።

ልዑሉ ገንዘብ የማይበረክትለት፣ ግን ዓይን ያለው ሰው ነበር። ለንደን ያለውን ካርልተን ሃውስን በአርክቴክት ሄንሪ ሆላንድ አሳደሰ። ብራይተን ላይ ደግሞ ጆን ናሽ የሕንድ ጉልላት ያለው፣ ውስጡ በቻይና ሥዕልና በዘንዶ የተሞላ ቤተ መንግሥት ሠራለት። ይህ አንዱ መስመር ነው፤ የቀርከሃ ቅርጽ ያላቸው ጠረጴዛዎችና ጥቁር የቻይና ቀለም ቅብ ከዚህ ይመጣሉ።

ሌላው መስመር የጥንት ግሪክ፣ ሮምና ግብፅ ነው። ኔልሰን በ1798 የናፖሊዮንን መርከቦች አቡ ቂር ላይ ድል ካደረገ በኋላ እንግሊዝ ውስጥ የግብፅ ነገር ፋሽን ሆነ። ፈረንሳዊው ቪቫን ደኖን በ1802 የግብፅን ሐውልቶች ሥዕል ሲያሳትም ደግሞ ንድፍ አውጪዎች የሚቀዱት አገኙ። በአምስተርዳም ከባንክ ባለቤቶች ቤተሰብ የተወለደው ቶማስ ሆፕ ለንደን ዳችስ ስትሪት ያለውን ቤቱን ራሱ በነደፋቸው ዕቃዎች ሞላ፤ በ1804 ለጎብኚ ከፈተው፤ በ1807 ንድፎቹን አሳተመ። በዓመቱ ጆርጅ ስሚዝ የተባለ ባለሙያ ብዙ አናጢ ሊሠራው የሚችል የንድፍ ስብስብ አወጣ። የአንበሳ መዳፍ፣ ስፊንክስ፣ በገና የሚመስል የጠረጴዛ ድጋፍና እንደ ጎራዴ ወደ ውጭ የታጠፈ እግር ወደ ተራው የነጋዴ ቤት የገቡት በዚህ መንገድ ነው።

ከዚያ በፊት የነበረው ሼራተን የሚባለው ስልት ቀለሙ ፈካ ያለ፣ እግሩ ቀጭን ነበር። ሪጀንሲ ጠቆረ፣ ከበደ። ማሆጋኒ አለ፤ ከብራዚል የመጣው መስመራማ ሮዝውድ አለ። ላዩ ብዙ አይቀረጽም፤ ሰፊ የእንጨት ገጽ ይተዋል፣ በእንጨቱ ውስጥ ቀጭን የናስ መስመር ይቀበራል።

መመዘኛዎቹ

ዓይነቶቹን ከማየታችን በፊት መለኪያውን እንያዝ። አንደኛ፣ ምን ይቀመጥበታል? የመብራት ማስቀመጫና የምግብ ማቅረቢያ አንድ አይደሉም። ሁለተኛ፣ ቦታው፤ ጠረጴዛው ግድግዳ ይፈልጋል ወይስ የትም ይቆማል? ሦስተኛ፣ ዕድሜውና ታማኝነቱ፤ ላዩና እግሩ ከመጀመሪያው አብረው የኖሩ ናቸው? አራተኛ፣ የጥገና ወጪ። አምስተኛ፣ ሕግ፤ በተለይ ዕቃው ከአገር የሚወጣ ከሆነ።

ከአምስቱ ሦስተኛው ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ሰው የሚታለለው እዚያ ነው።

የእጅ ባትሪ ያዙ። መሳቢያውን አውጥታችሁ ጠረጴዛውን ገልብጡት። ሐቀኛ ነጋዴ ቅር አይለውም፤ እንዲያውም ራሱ ያግዛችኋል። መጀመሪያ የምታዩት ቀለም ነው። ያልተወለወለ እንጨት 200 ዓመት አየር ሲነካው ደረቅና ወጣ ገባ ቀለም ይይዛል። ሥሩ በሙሉ አንድ ዓይነት ቡናማ ከሆነ ሆን ተብሎ የተቀባ ሊሆን ይችላል፤ ምን ሊደብቅ ነው ብላችሁ ጠይቁ።

ቀጥሎ መሳቢያው። የጎኑና የፊቱ እንጨት እርስ በርስ በሚቆላለፉ ጥርሶች ይያያዛሉ። በእጅ የተቆረጠ ጥርስ መጠኑ ትንሽ ይለያያል፤ የማሽን ጥርስ ግን ሁሉም እኩል ነው። የመሳቢያው የታችኛው ጠርዝ ሲሳብ ሲገፋ ያልቃል። ያለቀበት ቦታ ከሚንሸራተትበት ሐዲድ ጋር መግጠም አለበት። ካልገጠመ መሳቢያው የሌላ ዕቃ ነው። ከፊቱ በስተጀርባ ደግሞ የተደፈኑ ቀዳዳዎች ፈልጉ፤ እጀታው ከተቀየረ ያጋልጣሉ። እጀታ መቀየር ኃጢአት አይደለም፤ ዋጋ ግን ይቀንሳል።

ብሎን ነቅሎ ማየት ከተፈቀደላችሁ ጫፉን ተመልከቱ። ከ1840ዎቹ በፊት የተሠራ የእንጨት ብሎን ጫፉ ደንዛዛ ነው። ሹል ከሆነ ወይ ዕቃው ዘግይቶ የተሠራ ነው፣ ወይ ተጠግኗል። ከሥር የግማሽ ክብ ጭረት ካለ በክብ መጋዝ ተሰንጥቋል ማለት ነው፤ በአብዛኛው ይህ ከሪጀንሲ በኋላ ነው። ላዩ ላይ የተለጠፈው ስስ እንጨት፣ ማለትም ቬኒሩ፣ በጠርዙ በኩል ሲታይ አንድ ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ውፍረት ካለው የድሮ መጋዝ ሥራ ነው። እንደ ወረቀት የሳሳ ከሆነ የፋብሪካ ነው።

አንድ የምወደው ፈተና አለ፤ ሜትር ብቻ ይበቃዋል። ክብ የሆነ ወጥ የእንጨት ገጽ በእንጨቱ ክር አቅጣጫና በተቃራኒው ለኩ። እንጨት ከክሩ አግድም ስለሚኮማተር፣ የድሮ ክብ ጠረጴዛ ዛሬ ፍጹም ክብ አይደለም። ሁለቱም ልኬት እኩል ከመጣ ጠርጥሩ።

ፔምብሮክ

በረጅም ጎኖቹ በኩል ሁለት ታጣፊ ክንፎች አሉት። ሲታጠፉ ጠባብ የጎን ጠረጴዛ ይሆናል፤ ሲዘረጉ ለሁለት ሰው ቁርስ ይበቃል። አንድ እውነተኛ መሳቢያ በአንድ ጫፍ፣ ለማስመሰል ብቻ የተሠራ ሐሰተኛ የመሳቢያ ፊት ደግሞ በሌላው ጫፍ ይኖረዋል። ዓይነቱ ከሪጀንሲ በፊት በ18ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የጀመረ ነው። የሪጀንሲው የሚለየው ክብ ሆነው በተቀረጹ እግሮቹ ወይም በመሃል ምሰሶው ነው።

ብዙ ስለተሠራ ዛሬም ብዙ ይገኛል፤ ስለዚህ ርካሽ ነው። ደካማው ጎኑ ማጠፊያው ነው። ክንፉ በአግድም ሲነሳ ተጠማዞ ከመሃሉ ካልገጠመ፣ ወይም ማጠፊያው አካባቢ እንጨቱ ተሰብሮ ከተለጠፈ፣ ጥገናው ከጠረጴዛው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። በጠባብ አፓርታማ ለሚኖር ሰው ግን ከሁሉም በፊት የምመክረው ይህንን ነው።

የሶፋ ጠረጴዛ

የዘመኑ ዋና ፈጠራ ይህ ነው። ክንፎቹ በአጭር ጎኖቹ በኩል ናቸው፤ ስለዚህ ረጅምና ጠባብ ነው። ንድፍ አውጪው ቶማስ ሼራተን በ1803 ሲገልጸው ክንፉ ተዘርግቶ ከ5 እስከ 6 ጫማ፣ ማለትም ከ150 እስከ 180 ሴንቲሜትር ርዝመት ሰጥቶታል፤ ወርዱ 60 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው። ወይዛዝርት ሶፋ ላይ ተቀምጠው ይጽፉበት፣ ይስሉበት፣ ያነቡበት ነበር።

እዚህ ላይ የሚሳሳቱ አሉ። ስሙን ሰምተው የዛሬውን ዓይነት ዝቅ ያለ የሳሎን ጠረጴዛ ይጠብቃሉ። ይህ ቁመቱ 70 ሴንቲሜትር ይሆናል። የዛሬ ሶፋ ፊት ብታቆሙት ጉልበታችሁን ብቻ ሳይሆን ቴሌቪዥናችሁንም ይጋርዳል። ከሶፋ ጀርባ ግን ግሩም ነው። ለላፕቶፕ መሥሪያም ይመቻል።

በመልክ ደረጃ ምርጡ በሁለት ጫፍ ድጋፍ ላይ የቆመው፣ በድጋፎቹ መሃል አግዳሚ ያለው ነው። ከ1810 ወዲህ በመሃል ምሰሶ የቆመው እየበዛ ሄደ። ሮዝውድ ሆኖ የናስ መስመር ከተቀበረበት ዋጋው ወዲያው ይዘላል። ናሱን በጣታችሁ ዳስሱት። እንጨት ይኮማተራል፣ ናስ አይኮማተርም፤ ስለዚህ ናሱ ከቦታው ይነሳል። የተነሳ ናስ የጨርቅ ክር ይይዝና ተገንጥሎ ይወጣል፤ መልሶ ማስቀመጥ ደግሞ የባለሙያ ሥራ ነው።

ዓይነቱ ተፈላጊ ስለነበረ ማጭበርበሩም የዚያኑ ያህል ነው። ትልቅ የመልበሻ መስታወት ተሸክመው የነበሩ የጎን እንጨቶችን ወስደው ላያቸው ላይ ገጽ የገጠሙባቸው አሉ። የጥንት ዕቃ ነጋዴዎች ይህን «ጋብቻ» ይሉታል። ድጋፎቹ ገጹን የሚነኩበት ቦታ ላይ ሌላ የቀዳዳ ወይም የጥላ ምልክት ካለ ተጋብቷል ማለት ነው። ለመጠቀም ብቻ ከሆነ ችግር የለውም፤ ግን በተጋባ ዕቃ ዋጋ ይሸጥላችሁ።

ኮንሶል

ከግድግዳ ተለጥፎ የሚቆም፣ ብዙ ጊዜ ላዩ እብነ በረድ የሆነ ነው። በሁለት መስኮት መሃል ረጅም መስታወት ሥር ይቆም ነበር። ከፊት ዓምድ ወይም የአንበሳ እግር፣ ከኋላ ደግሞ ከታች መስታወት ይኖረዋል፤ የሻማ ብርሃንን ለማባዛት ነው። ታላቅነት የሚወድ ሰው ይህን ይወዳል። ብራይተን ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለውን ያየ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል።

ግን ተንቀሳቃሽ አይደለም። ጀርባው ያልተወለወለ ስለሆነ መሃል ቤት አይቆምም። እብነ በረዱ ከተቀየረ መጠኑ ከክፈፉ ጋር በትክክል ስለማይገጥም ይታወቃል። ወርቅ ቅቡ ደግሞ ከሥሩ የጠመኔና የኮላ ልባስ አለው፤ በውኃ ከተወለወለ ይሟሟል። ቤት ውስጥ ትጉ ጽዳት የሚወድ ሰው ካለ ይህን ዓይነት አትግዙ። የናስ ቀለም ተቀብቶ «ወርቅ ቅብ» የተባለ ብዙ አለ፤ ናስማው ቀለም ሲያረጅ ይጠቁራል ወይም አረንጓዴ ይላል፣ ወርቅ ግን አይለወጥም።

ባለሦስት እግሩ፣ ተደራራቢውና የስፌቱ

ትንሹ ባለሦስት እግር ጠረጴዛ ለመብራት ወይም ለአንድ ብርጭቆ ነው። ችግሩ በጣም ብዙዎቹ ጠረጴዛ ሆነው አለመወለዳቸው ነው። በዚያ ዘመን የምድጃ ወላፈን ፊት እንዳይመታ በዘንግ ላይ የሚንቀሳቀስ መከለያ ነበረ። መከለያው ሲያረጅ ዘንጉ ይቆረጥና ትንሽ ገጽ ይገጠምበታል። እግሩ የ1820፣ ላዩ የ1920 ይሆናል። በዝቅተኛ ዋጋ ከሆነ ቆንጆ ዕቃ ነው።

ተደራራቢው አራት ጠረጴዛ አንዱ በአንዱ ሥር የሚገባበት ነው። እንግዳ ለሚበዛበት ቤት ይመቻል። እግሩ ቀጭን ስለሆነ የተሰበረና የተጣበቀ ፈልጉ፤ ከአራቱ አንዱ የጠፋበትም ሞልቷል።

የስፌት ጠረጴዛው መሳቢያና ከሥሩ የሚንጠለጠል የሐር ከረጢት አለው። ሐሩ ከጊዜ በኋላ መቀየሩ አይቀርም፤ አያስጨንቃችሁ። ኮመዲኖ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም፤ ማንም ስለማይፈልገው ዋጋው ዝቅ ያለ ነው።

ቅጂዎቹስ?

ሁሉንም ቅጂ አልንቅም። ቶማስ ሆፕ የነደፋቸው ዕቃዎች በ1917 ከዲፕዲን መኖሪያ በጨረታ ሲሸጡ የሪጀንሲ ፍቅር እንደገና ተነሳ፤ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የተሠሩ ቅጂዎች ውስጥ በጥሩ ማሆጋኒ፣ በጥሩ እጅ የተሠሩ አሉ። በትክክለኛ ስማቸው ከተሸጡ ተገቢ ግዢ ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በፋብሪካ የወጡት፣ በተለይ ቀላ ያለ የማሆጋኒ ወይም ቢጫማ የዩ እንጨት ልባስ በቺፑድና በኤምዲኤፍ ላይ የተለጠፈባቸው ግን፣ ጠርዛቸው አንድ ጊዜ ውኃ ከገባው አለቀ። በጣም ርካሽ ካልሆኑ እለፏቸው።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ «ደንከን ፋይፍ ስታይል» የሚል ብዙ ታያላችሁ። ፋይፍ ከስኮትላንድ ሄዶ ኒውዮርክ የሠራ፣ የሪጀንሲ የዕድሜ እኩያ የሆነ እውነተኛ ባለሙያ ነው። ነገር ግን በገበያ ያለው አብዛኛው በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ በብዛት የተመረተ ነው። ጠንካራ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ጥንታዊ አይደለም።

ጎን ለጎን

| ዓይነት | የሚመቸው | ዋናው አደጋ | ዋጋ ከሌሎቹ ጋር ሲታይ |
|---|---|---|---|
| ፔምብሮክ | ጠባብ ቤት፣ ቁርስ፣ መጻፊያ | የማጠፊያ ስብራት፣ የተጠማዘዘ ክንፍ | ዝቅተኛ |
| የሶፋ ጠረጴዛ | ከሶፋ ጀርባ፣ መሥሪያ | «ጋብቻ»፣ የተነሳ ናስ | ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ |
| ኮንሶል | መግቢያ፣ ሰፊ ሳሎን | የተቀየረ እብነ በረድ፣ የተበላሸ ወርቅ ቅብ | ከፍተኛ |
| ባለሦስት እግር | መብራት፣ የወንበር ጎን | ከምድጃ መከለያ የተሠራ | ዝቅተኛ |
| ተደራራቢ | እንግዳ የሚበዛበት ቤት | የተሰበረ እግር፣ የጎደለ | መካከለኛ |
| የስፌት ጠረጴዛ | የአልጋ ጎን | ሐሩ ብቻ | ዝቅተኛ |
| የ1920ዎቹ ቅጂ | የየዕለት አገልግሎት | እንደ ጥንታዊ መሸጡ | ከዝቅተኛ እስከ መካከለኛ |

እንደ ኪሳችሁና እንደ ቤታችሁ

መቶዎች ፓውንድ ብቻ ካላችሁ ወደ ክፍለ አገር ጨረታ ሂዱ። ማሆጋኒ የሆነ፣ ጌጥ የሌለው ፔምብሮክ ወይም የስፌት ጠረጴዛ ፈልጉ። ከመጫረታችሁ በፊት ግን ሒሳቡን ሥሩ። የጨረታ ቤቱ በአሸናፊው ዋጋ ላይ ከ20 እስከ 30 በመቶ የገዢ ኮሚሽን ይጨምራል፤ በኮሚሽኑ ላይ ደግሞ 20 በመቶ ታክስ አለ። በ400 ፓውንድ ያሸነፋችሁት፣ ኮሚሽኑ 25 በመቶ ቢሆን፣ 520 ፓውንድ ይሆናል፤ ማጓጓዣው ለብቻው ነው።

በሺዎች ማውጣት የሚችል ሰው ሮዝውድ የሶፋ ጠረጴዛ ቢገዛ አይከፋም፤ ግን ከጨረታ ይልቅ ደረሰኙ ላይ ዘመኑንና የተጠገነውን ከሚጽፍ ነጋዴ ይግዛ። የላንካስተሩ የቤት ዕቃ ሠሪ ድርጅት ጊሎውስ የመሳቢያ ጠርዝ ላይ ስሙን ያትም ነበር። ያ ማኅተም ካለ ዋጋው ቢጨምር ይገባዋል። ከመግዛት በፊት ዓይን ማሠልጠኛ የሚሆኑ ቦታዎችም አሉ፦ ለንደን የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የሆፕን ሥራዎች ያሳያል፤ ላንካስተር ያለው ጀጅስ ሎጂንግስ ሙዚየም ደግሞ የጊሎውስን።

ልጆች ያሉበት፣ ትኩስ ነገር የሚቀመጥበት ቤት ከሆነ የ1920ዎቹ ቅጂ ይሻላል። የድሮው ውልወላ በአልኮል የሚሟሟ ሙጫ ነው፤ ሙቀትም አይችልም። ጀበና ከነማቶቱ ቢቀመጥበት እንኳ ነጭ ክብ ምልክት ሊቀር ይችላል፤ ከሥሩ ወፍራም ነገር ያስፈልጋል። ማሞቂያ አጠገብም አታቁሙት፤ እንጨቱ ይደርቅና ቬኒሩ ይነሳል። ሲገዛም ላዩን በጣት ጫፍ መታ መታ አድርጉት፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጥበት ቦታ ተላቋል።

ወደ አዲስ አበባ የምትልኩ ከሆነ ማሆጋኒ ምረጡ፣ ሮዝውድ ተዉ። የብራዚል ሮዝውድ ከ1992 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የሳይተስ ስምምነት በጥብቅ ከተጠበቁት ዛፎች አንዱ ስለሆነ፣ የድሮ ዕቃ ቢሆንም ድንበር ለማሻገር የፈቃድ ወረቀት ይጠየቅበታል። የቁልፍ ቀዳዳው ዙሪያ የዝሆን ጥርስ ካለውም ብሪታንያ ውስጥ ከ2022 ጀምሮ ሻጩ ሳያስመዘግብ ሊሸጠው አይችልም፤ የምዝገባውን ማስረጃ ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ። ኮንቴይነር ከመጫኑ በፊት ደግሞ እብነ በረዱን ከክፈፉ አንስታችሁ በጠርዙ አቁማችሁ አሽጉት፤ ተጋድሞ ከተጫነ ይሰነጠቃል።